ኑረምበርግ፦ የሁለት ባለጸጋ ቤተሰቦች የመቃብር ግድግዳ

ዓርብ

ከፍራንክፈርት ኑረምበርግ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ብዙ ሰው ወደዚያ ከተማ የሚሄደው ወይ ለገና ገበያው ነው፣ ወይ የናዚዎችን የሰልፍ ሜዳና ችሎቱ የተካሄደበትን አዳራሽ ለማየት ነው። እኔ የሄድኩት ለአንድ ግድግዳ ነው። በቅዱስ ሴባልድ ቤተክርስቲያን የውጪ ግድግዳ ላይ፣ በምሥራቅ በኩል፣ አዳም ክራፍት የሚባል ድንጋይ ጠራቢ የሠራው የመቃብር መታሰቢያ አለ። ያሠሩት ሽራየርና ላንዳወር የሚባሉ፣ የሚዛመዱ ሁለት ባለጸጋ ቤተሰቦች ናቸው። ውሉን የተዋዋሉት በ1490 ነው፤ ሥራው ያለቀው በ1492። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም እንደዚያው።

ፎቶውን ካየሁት ቆይቷል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሀብታም መቃብር ከሆነ ለምን ውጪ ሆነ? ገንዘብ ያለው ሰው እኮ በየትም አገር መቀበር የሚፈልገው ወደ ውስጥ፣ ወደ መንበሩ ተጠግቶ ነው።

ኑረምበርግ አክስቴ ትኖራለች። ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ሻንጣዬን ቀማችኝ፣ እኔም መልሼ ቀማኋት።

"ሽሮው ደርሷል፣ መጀመሪያ ቤት እንግባ" አለችኝ። ሁዳዴ ነበር።

"እቴቴ፣ ሳይመሽ አንዴ ብቻ ልየው።"

"ምኑን?"

"መቃብሩን።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ምንም ሳትል ወደ አሮጌው ከተማ አቅጣጫ መራመድ ጀመረች።

መንገዱ በእግር የሚያልቅ ነው። በድሮው የከተማ ቅጥር በር ይገባል፣ የቅዱስ ሎሬንስ ቤተክርስቲያን ሁለት ማማዎች ይታለፋሉ፣ የፔግኒትስ ወንዝ ይሻገራል፣ ከዚያ ዋናው ገበያ። ገበያው ዳር የከተማዋ ትንንሽ ቋሊማ በከሰል ይጠበሳል፤ ሦስቱን በአንድ ዳቦ ውስጥ አድርገው ነው የሚሸጡት። ሽታው ለጿሚ ይከብዳል። አክስቴ ክንዴን ይዛ ፈጠን ፈጠን አደረገችኝ።

ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች፤ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነው። ምስሉ በደንብ አይለይም። ግን ዘወር ስል ለጥያቄዬ ግማሽ መልስ አገኘሁ። ከግድግዳው ፊት ለፊት፣ ጠባቡን አደባባይ ተሻግሮ፣ አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ቆሟል። ታላቁ አዳራሹ የተሠራው ከ1332 እስከ 1340 ባለው ጊዜ ነው። የከተማዋ ምክር ቤት የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ ሊከስ የመጣውም፣ ገበያ የሚወርደውም በዚህ በኩል ያልፋል። ያኔ ኑረምበርግ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያይበት ቦታ ፈልግ የተባለ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

"ይሄን ነው እንዴ?" አለች አክስቴ። "እኔ እኮ ወደ ሥራ ስሄድ በዚህ ነው የማልፈው።"

"ቆመሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"ጌታ መስቀል ተሸክሞ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳለማለሁ፣ አልፋለሁ። ታች ያሉትን ትንንሾቹን ግን ልብ አላልኳቸውም።"

ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ አሞቅነው።

ቅዳሜ

በጠዋት ብቻዬን ተመለስኩ። ግድግዳው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የጠዋት ፀሐይ በሚገባ ያገኘዋል። ብርዱ ግን የመጋቢት ብርድ ነው፤ ጓንት አድርጌ ነው የቆምኩት።

መጀመሪያ አቀማመጡን ልንገራችሁ። የቤተክርስቲያኑ ምሥራቃዊ ክፍል ከ1361 እስከ 1379 የተሠራ ነው። ግድግዳውን ከውጪ ደግፈው የሚይዙ ወፋፍራም የድንጋይ ምሰሶዎች አሉ። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ቦታ እንደ ትንሽ ክፍል ገባ ያለ ነው። ክራፍት ምስሉን የሠራው እዚያ ውስጥ ነው፤ መሐሉ በግድግዳው ላይ፣ ግራና ቀኙ በምሰሶዎቹ ጎን ላይ። ስለዚህ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው በሦስት በኩል ይከበባል።

በግራ ክርስቶስ መስቀሉን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ይጋፋል። መሐል ላይ ሥጋው ወደ መቃብር እየወረደ ነው፤ በስተጀርባው ጎልጎታና ከተማ ይታያሉ። በቀኝ ትንሣኤ ነው። ታሪኩ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መሐሉ ላይ ነው። መቅበር ከባድ ሥራ መሆኑን ክራፍት ያውቃል። ሥጋው ክብደት አለው። የያዙት ሰዎች ጀርባቸው ጎብጧል። ሲያዩት ክንድ ያማል። እናቱ ጎንበስ ብላ ፊቱ አጠገብ ናት።

በጣም ተጠግቼ አየሁት። ድንጋዩ የአካባቢው አሸዋ ድንጋይ ነው። ከርቀት ለስላሳ ይመስላል፤ ከቅርብ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ትታያለች። የዘመናት ጭስና ዝናብ አጥቁሮታል። ከፊት ያሉት ሰዎች ከግድግዳው ተላቀው ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም፤ ጥላቸው ከኋላቸው ይወድቃል። ከእነሱ በስተጀርባ ያሉት ዝቅ ብለው ተፈልፍለዋል። የመጨረሻዎቹ፣ ኮረብታውና ቤቶቹ፣ ድንጋዩ ላይ የተጫረ ያህል ናቸው። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ጥላዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ፊት ሲደበዝዝ ሌላው ይወጣል። ይህን ፎቶ ሊያሳይ አይችልም።

ድንጋይ እንዲህ እንደ ሥዕል ጥልቀት ኖሮት የተሠራበት ምክንያት አለው። ከክራፍት በፊት እዚያው ቦታ ላይ በቀለም የተሳለ ሥዕል ነበር። የቤተሰቦቹ መቃብር እዚያው ስለሆነ ግድግዳው ድሮም የእነሱ ነው። ቀለም ግን ውጪ፣ በዝናብና በበረዶ፣ አይበረክትም። ስለዚህ ሽራየርና ላንዳወር በውሉ ላይ ክራፍት የድሮውን ሥዕል ተከትሎ በድንጋይ እንዲሠራው ጠየቁ። ሥዕሉን ማሳደስ ይችሉ ነበር። ባለ ገንዘብ ናቸው፣ በየሃያ ዓመቱ ሠዓሊ መቅጠር አያቅታቸውም። የመረጡት ግን ከእነሱ በኋላ የሚያሳድስ ዘመድ ቢጠፋ እንኳ የሚቆይ ነገር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሥራው ልብ እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ዘራቸውም ሀብታቸውም ሊያልቅ እንደሚችል አስበውበታል።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ልምጣ። ከታች፣ ከቅዱሳኑ እግር ሥር፣ የሁለቱ ቤተሰቦች ሰዎች ከነአርማቸው ተንበርክከዋል። እጃቸው ለጸሎት ተጋጥሟል። ቁመታቸው ከላይ ካሉት ሰዎች ጉልበት አይደርስም። ይህን ሁሉ ያሠሩት እነሱ ናቸው፣ ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ ቦታው የእነሱ ነው፤ ግን ጎንበስ ብሎ ያልፈለጋቸው ሰው አያያቸውም። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በእኛ ቤተክርስቲያን ሥዕል ላይም ያሳለው ሰው ከነቤተሰቡ ከታች ትንሽ ሆኖ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ይሳላል፤ ስሙም ይጻፋል፣ የሚያይ ሁሉ እንዲጸልይለት። ኑረምበርግም ጥያቄው ያው ነው። አላፊ አግዳሚው ጌታን ለማየት ይቆማል፤ በዚያው ለሞቱት አንድ አባታችን ሆይ ይደግምላቸዋል። ለዚህ ነው ውጪ የሆነው። ውስጥ ቢሆን የሚጸልይላቸው ቅዳሴ የመጣው ብቻ ነው።

ሰዎቹ እነማን ነበሩ? ሴባልድ ሽራየር በ1446 ተወልዶ በ1520 ነው የሞተው። ነጋዴ ነበር፣ ግን መጽሐፍና ሊቃውንት ወዳጅ። ከ1482 እስከ 1503 የዚሁ የቅዱስ ሴባልድ ቤተክርስቲያን ሕንፃና ገንዘብ በእሱ እጅ ነበር፤ ካህን አይደለም፣ ምእመን ሆኖ ነው ያስተዳደረው። ክራፍት ግድግዳውን እየፈለፈለ ሳለ ሽራየር ሌላ ትልቅ ነገርም ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ነበር። ሃርትማን ሼደል ያጠናቀረውና በ1493 የታተመው የኑረምበርግ ዜና መዋዕል ሲዘጋጅ ወጪውን ከቻሉት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በዚያ ዘመን ከታተሙ መጻሕፍት መካከል እንደ እሱ በሥዕል የተሞላ ማግኘት ይከብዳል። በአንድ ጊዜ በወረቀትም በድንጋይም የሚቆይ ነገር ሲያሠራ የነበረ ሰው ነው።

ማቴዎስ ላንዳወር ደግሞ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ሀብቱ በተለይ ከመዳብ የመጣ ነው። ኑረምበርግ ያኔ ብረትና ናስ የምትሠራ፣ ቅመም የምታሻግር፣ ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር አዛዥ የሌላት ከተማ ነበረች። ላንዳወር በኋላ ያደረገው ነገር ከግድግዳው በላይ አስገርሞኛል። ሥራ ለማይችሉ ዐሥራ ሁለት ድሃና አሮጌ የእጅ ባለሙያዎች መኖሪያ አሠራ። ለቤቱ ጸሎት ቤትም የኑረምበርጉ ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር ሥላሴን በሁሉም ቅዱሳን የተከበበ አድርጎ በ1511 ሳለለት። በመጨረሻ ራሱ ላንዳወር እዚያው ገብቶ ኖረ፤ በ1515 ሞተ። ከእሱ በኋላ የቤቱ ነዋሪዎች እያንዳንዳቸው በየሙያቸው ላይ ሆነው በመጽሐፍ ይሳሉ ነበር፤ ጫማ ሰፊው ሲሰፋ፣ ብረት ቀጥቃጩ ሲቀጠቅጥ። መጻሕፍቱ ዛሬም አሉ። ስለ ድሮ የእጅ ሙያ መሣሪያዎች የሚያጠና ሰው የሚያገላብጠው እነሱን ነው።

እጄ ሲደነዝዝ ወደ ውስጥ ገባሁ።

የቅዱስ ሴባልድን ውስጥ በአጭሩ ማለፍ ይከብዳል። መሐል ላይ የቅዱሱ መቃብር አለ። ፔተር ፊሸር ከልጆቹ ጋር ከ1508 እስከ 1519 የሠራው የናስ ሥራ ነው። ያን ሁሉ ክብደት የተሸከሙት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አንዱ ጎን ላይ ፊሸር ራሱን አቁሟል፤ የቆዳ ሽርጥ ታጥቆ፣ መሣሪያውን ይዞ። የእጅ ባለሙያ ከሐዋርያት ጋር በአንድ መቃብር ላይ መቆሙ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ያየሁት ግን ከውጪው ግድግዳ ጋር የሚነጻጸር ነው። ቀራጩ ፋይት ሽቶስ በ1499 ለፓውል ፎልካመር የሠራቸው ሦስት የድንጋይ ምስሎች፤ የመጨረሻው እራት፣ የደብረ ዘይቱ ጸሎት፣ መያዙ። ይህም የባለጸጋ ቤተሰብ መታሰቢያ ነው። ሽቶስ እጅግ የተካነ ነው፤ ልብሱ ይተጣጠፋል፣ ፀጉሩ ይጠቀለላል፣ ፊቱ ሁሉ ለየብቻ ነው። እራቱ ላይ ያሉት ሐዋርያት የከተማው ምክር ቤት አባላትን ፊት እንደያዙ ይነገራል። እኔ ግን ክራፍትን እመርጣለሁ። የሽቶስ ሰዎች መታየታቸውን የሚያውቁ ይመስላሉ። የክራፍት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚያያቸው መኖሩን ረስተዋል።

እዚያው ውስጥ የጦርነቱ ፎቶዎች አሉ። ጥር 2 ቀን 1945 በአየር ድብደባ አሮጌው ከተማ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ይህ ቤተክርስቲያን ጣራው ወድቆ ሰማይ የሚታይበት ሆኖ ነበር። ጥገናው ያለቀው በ1957 ነው። ከፎቶዎቹ ፊት ብዙ ቆየሁ። የሚንቀሳቀሱት ቅርሶች የከተማዋ ግንብ ካረፈበት ዐለት ሥር በተቆፈረ መጋዘን ተደብቀው ተረፉ። የማይነቀሉትን ባሉበት ነበር የከለሏቸው።

ከሰዓት በኋላ በ1852 ወደተመሠረተው የጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ። ሁሉንም አላየሁም፤ ማንም በአንድ ከሰዓት አያየውም። የዱረር የላንዳወር ሥዕል እዚህ የለም፤ በ1585 ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ሁለተኛ ገዝተውት ሄዷል፣ ዛሬ ቪየና ነው። ለሥዕሉ የተቀረጸው የእንጨት ማዕቀፍ ግን እዚሁ ኑረምበርግ ቀርቷል። ላዩ ላይ የመጨረሻው ፍርድ ተቀርጿል፤ መሐሉ የሥዕሉ ቦታ ነበር። ክራፍት ግድግዳውን በሚጨርስበት ወቅት እዚሁ ከተማ መሠራት የጀመረውን የማርቲን በሃይምን ሉልም አየሁት። ዛሬ ካሉት የዓለም ሉሎች ሁሉ አንጋፋው ነው። አሜሪካ የለችበትም።

እሑድ

ጠዋት ከአክስቴ ጋር ቅዳሴ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ቡናውን ጠጥተን ሁለታችን ወደ ቅዱስ ሎሬንስ ሄድን። "ዛሬ እኔም ልይ" አለች፤ ነጠላዋን ከኮቷ ላይ እንደደረበች።

ሎሬንስ ውስጥ ክራፍት ከ1493 እስከ 1496 የሠራው የቅዱስ ቁርባን ማኖሪያ አለ። ከፋዩ ሃንስ ኢምሆፍ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ነው፤ ዋጋው 700 ጉልደን፣ የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ። ከ18 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋይ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። እየቀጠነ፣ እየተሰነጣጠቀ፣ እንደ ተክል ወደ ብርሃን ይሄድና ጣራው ጋ ሲደርስ ጫፉ ይታጠፋል። በጦርነቱ የላይኛው ክፍል ተጎድቶ ተጠግኗል።

አክስቴ ላዩን አላየችም። ዓይኗ ታች ቀረ። ማኖሪያውን በትከሻቸው የተሸከሙ፣ በጉልበታቸው የተንበረከኩ ሰዎች አሉ። ከፊት ያለው ጢማም ነው፤ የሥራ ኮፍያ አድርጓል፣ መዶሻና መሮ ይዟል። አዳም ክራፍት ራሱ ነው።

"ይሄ ሰውዬ ደክሞታል" አለች።

"ሠራተኛው ነው፣ እቴቴ። ይሄን ሁሉ የሠራው እሱ ነው።"

"እንዲያ ነው? ታዲያ ከፋዩ የታለ?"

የኢምሆፍ ቤተሰብ አርማ አለ፤ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች። ተመልሳ ክራፍት ፊት ቆመች፣ ብዙ ቆየች። ደም ሥሩ እጁ ላይ ይታያል። ጉልበቱ ያረፈበት ልብስ ተጨማድዷል። አንድ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ ብዙ ከሠራ በኋላ ሊነሳ ሲል የሚመስለውን ይመስላል። የሽራየርና የላንዳወር ሰዎችም ከታች ተንበርክከዋል፤ ግን የእነሱ መንበርከክ የጸሎት ነው። የክራፍት ሸክምም ጸሎትም ነው።

ከዚያ ወደ ገበያው ወርደን እመቤታችን ቤተክርስቲያን ገባን። ክራፍት ለፐርገንስቶርፈር ቤተሰብ በ1498 እና 1499 አካባቢ የሠራው መታሰቢያ አሁን እዚህ ነው። እመቤታችን ካባዋን ዘርግታ ሰውን ሁሉ፣ ጳጳሱንም ንጉሡንም ተራውንም፣ ከሥሩ ታስጠልላለች። ቤተሰቡ እንደገና ከታች፣ ትንሽ ሆኖ ተንበርክኳል። አክስቴ ይህን ወደደችው፤ ተሳለመች።

ስለዚህ ቦታ ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቤተክርስቲያኑ የቆመበት መሬት የአይሁድ ሠፈር ነበር። በ1349 ሠፈሩ ፈርሶ ገበያ ተደረገ፣ 562 አይሁድ ተገደሉ፣ ምኵራባቸው በነበረበት ቦታ ይህ ቤተክርስቲያን ተሠራ። በኋላ እንደገና ሌላ ሠፈር መሥርተው ኖሩ። በ1498 ደግሞ ከተማዋ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆነው ከንጉሥ ማክሲሚልያን ፈቃድ አግኝታ በቀጣዩ ዓመት ሙሉ በሙሉ አስወጣቻቸው። ክራፍት ያን ካባ የፈለፈለው በዚያው ሰሞን ነው። ከሥሩ የተጠለለው ማን እንደሆነ፣ ማን ውጪ እንደቀረ ሳያስቡ ምስሉን ማየት አይቻልም። የእነዚህን ባለጸጎች እምነት ከልቤ አምናለሁ። የከተማቸውን ግፍም አልረሳም። ለአክስቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ስንወጣ በሩ ላይ "ነፍስ ይማር" አለች፤ ለማን እንዳለች አልጠየቅኳትም።

ሰኞ

ሙዚየሞቹ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ መንገድ ግን አይዘጋም። ከግንቡ ሥር ካለው በር ተነስቼ ወደ ቅዱስ ዮሐንስ መካነ መቃብር በእግር ወረድኩ። በዚህ መንገድ ዳር ክራፍት ከ1505 በኋላ ባሉት ዓመታት ሰባት የሕማማት ምስሎችን አቁሞ ነበር። ዛሬ ዳር ላይ ያሉት ቅጂዎች ናቸው፤ ከዋናዎቹ አብዛኞቹ በሙዚየሙ ተጠብቀዋል። እያንዳንዱ ሥር ከጲላጦስ ቤት ስንት እርምጃ እንደሆነ ተጽፏል። የመጀመሪያው ላይ እናቱ አግኝታው ከሐዘን ብዛት አቅሏን ስትስት ይታያል፤ ከጲላጦስ ቤት 200 እርምጃ ይላል። ርቀቱን ኢየሩሳሌም ሄዶ የለካ የኑረምበርግ ሰው ነበር ተብሎ ይነገራል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ሐሳቡ ግልጽ ነው። ኢየሩሳሌም መሄድ የማይችል ሰው በገዛ ከተማው እግሩን እያነሳ፣ እየቆጠረ፣ ሕማማቱን ይከተላል። መንገዱ የሚያልቀው መካነ መቃብሩ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሆልትስሹኸር ቤተሰብ ጸሎት ቤት አለ። ውስጡ የ1508 የክራፍት የመቃብር ምስል ነው፣ ከመጨረሻ ሥራዎቹ አንዱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1509፣ ሽቫባህ በምትባል ቅርብ ከተማ ሞተ።

መካነ መቃብሩ ከጠበቅኩት በላይ ያዘኝ። ድንጋዮቹ አይቆሙም፣ ተጋድመዋል። ሁሉም አንድ መጠን ነው ማለት ይቻላል፤ ልኩን የወሰነው የከተማው ምክር ቤት ነው። ከ1518 አካባቢ ጀምሮ ወረርሽኝን በመፍራት በከተማው ቅጥር ውስጥ መቅበር ተከለከለ። ሁሉም ሰው፣ ባለጸጋም ቢሆን፣ ወደ ውጪ ወጣ። እንደ ሽራየርና እንደ ላንዳወር ግድግዳ ይዞ መንገደኛን ማቆም ያኔ ቀረ። ለሀብታሙ የቀረለት የድንጋዩ ላይ ናስ ብቻ ነው። በዚያች በትንሿ ሰሌዳ ላይ አርማውን፣ ሙያውን፣ ስሙን አስቀረጸ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን፣ ሌላው መቀሱን አኖረ። በ1525 ከተማዋ የሉተርን ትምህርት ስትቀበል ደግሞ ለሞቱት መጸለይ ራሱ ቀረ። ሽራየር ይህን ሳያይ ነው የሞተው።

ዱረር እዚህ ነው፤ በሚስቱ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ። ፋይት ሽቶስም እዚህ ነው። የሁለቱም ድንጋይ ከጎረቤቶቻቸው አይበልጥም። የዱረር ላይ አበባ ነበር። ከሽቶስ አጠገብ አንዲት አሮጊት ጓንታቸውን አድርገው አረም ይነቅሉ ነበር፤ ሰላም አልኳቸው፣ ሰላም አሉኝ።

ከሰዓት ባቡሬን ያዝኩ። አክስቴ በላስቲክ ዳቦና አዋዜ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ለመሄድ ያሰበ ካለ ይህን ልንገረው። የሴባልድን ግድግዳ ከቁርስ በፊት እዩት፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትሆን። ክፍያ የለውም፣ በር የለውም። መጀመሪያ ከርቀት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ፣ ከዚያ ከቅርብ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከታች ያሉትን። ለሎሬንስ ሌላ ቀን ስጡት፣ በአንድ ጠዋት ሁለቱን ማየት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። እኔ ቀጥዬ የምሄደው ቪየና ነው። ላንዳወር በዱረር ሥዕል ላይ ሸብቶ፣ ከቅዱሳኑ መሐል ተንበርክኳል ይላሉ የሥነ ጥበብ መጻሕፍት፤ በድንጋይ ላይ ያየሁትን ሰው አሁን በቀለም ማየት እፈልጋለሁ።